ይድረስ ለክቡር ባለሙጫው ክራንክ

ለ፦ ክቡር ሆሎውቴክ ሁለት፣ ባለ 11 ፍጥነት
ባሉበት
ጉዳዩ፦ እስኪሰነጠቁ ድረስ በትዕግሥት ስለመጠበቅ

ጤና ይስጥልኝ ክቡር ሆይ! እንደምን ሰንብተዋል? የቀኙ ክንድዎ ደህና ነው? የግራውስ? ሁለቱም እንደተጣበቁ ናቸው?

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በቂም አይደለም። እኔ ብስክሌት ላይ የተገጠመው የሌላ ወገን ነው። ነገር ግን በቡድን ስንነዳ እርስዎን የያዘ ሰው ከፊቴ አይጠፋም። እርስዎ ለሁለት ሲከፈሉ እሱ አስፋልቱ ላይ ያርፋል፣ እኔ ደግሞ እሱ ላይ። ስለዚህ ጉዳዩ ያገባኛል።

ለማያውቅዎ አንባቢ ላስተዋውቅዎ። ሺማኖ የተባለው የጃፓን የብስክሌት ዕቃ ኩባንያ የሠራዎት ክራንክ ነዎት። ክራንክ ማለት ፔዳሉን ከመሃሉ ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ ነው። ሰው ከኮርቻው ተነስቶ ዳገት ሲወጣ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። እርስዎ ታዲያ ውስጥዎ ባዶ ነው። እንዲቀልሉ ተብሎ ሁለት የአሉሚኒየም ቁራጮች በሙጫ ተጋጥመው ተሠሩ። ይህ ስድብ አይደለም፤ የምህንድስና ጥበብ ነው። ብዙ መካኒኮች እንደሚሉት ጥበቡን ያበላሹት ላብና ዝናብ ናቸው። እርጥበቱ በመጋጠሚያው ሾልኮ ይገባል፣ ከሙጫው ሥር ሆኖ ይበላል፣ ሙጫውም ቀስ እያለ ይለቃል። ከውጭ ግን ወዝዎ አይጓደልም። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነዎት።

የሚገርመኝ ወንድምዎ፣ 105 የተባለው የሺማኖ ክራንክ ነው። በዋጋ ከእርስዎ ያንሳል፣ በክብደት ትንሽ ከበድ ይላል፣ ሱቅ ውስጥም ማንም ቀና ብሎ አያየውም። በሪኮሉ፣ ማለትም ኩባንያው ለጉድለት መልሶ በጠራቸው ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ግን ስሙ የለም። የተጠራችሁት አልቴግራና ዱራ ኤስ ናችሁ፤ የቤቱ ትልልቆች። ሰው ገንዘብ ጨምሮ ሙጫ ገዛ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 2023 ሺማኖና የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ስምዎን በአደባባይ ጠሩ። ከጁን 2012 እስከ ጁን 2019 ጃፓን ውስጥ የተሠራችሁ በሙሉ ተጠርጣሪ ሆናችሁ። አሜሪካ ውስጥ 680,000 ገደማ፣ ካናዳን ሲጨምር 760,000፣ በመላው ዓለም ደግሞ 2.8 ሚሊዮን ገደማ። በአሜሪካ ብቻ 4,519 ጊዜ ተላቀዋል የሚል ሪፖርት ቀርቦ ነበር። ስድስት ሰዎች ተጎድተዋል፤ አጥንት የተሰበረባቸውም አሉ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አንድ ሺህኛው ሪፖርት ሲመጣ የኩባንያው ጠረጴዛ ላይ ምን ይባል ነበር? ሁለት ሺህኛው ሲመጣስ? ሪኮሉ ከመታወጁ ከዓመታት በፊት እኮ ሰዎች የተሰነጠቁ ክራንኮችን ፎቶ ኢንስታግራም ላይ ይሰበስቡ ነበር። የገጹ ስም «ሺማኖ እናመሰግናለን» ነው። ፈረንጅም ሽሙጥ ያውቅበታል።

እሺ፣ ዘግይቶም ቢሆን ተጠሩ። ሰውም «ይኸው አዲስ ሊሰጠን ነው» ብሎ ተደሰተ። ደስታው የሪኮሉን ማስታወቂያ አንብቦ እስኪጨርስ ነበር። የተሰጠው ነጻ ምርመራ ነው። ምርመራው ላይ መላቀቅ ከታየብዎ በነጻ ይቀየራሉ። ካልታየብዎ ወደ ብስክሌቱ ተመልሰው ይገጠማሉ። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው!

በሱቁ ውስጥ የሚሆነውን ሳስበው እንዲህ ይመስለኛል። መካኒኩ ይፈታዎታል፣ ይወለውልዎታል፣ ባትሪ አብርቶ መጋጠሚያዎን ያያል።

«ስንጥቅ አለው እንዴ?»

«የለውም። ደህና ነው።»

«ነገ ቢሰነጠቅስ?»

«ያኔ ይዘኸው ና።»

«በምን ልምጣ?»

«በብስክሌት ነዋ!»

መካኒኩን አልወቅስም። ሙጫው ያለው ውስጥ፣ የሱ ዓይን ያለው ውጭ። ደግሞስ የብስክሌት መካኒክ መቼ ነው የራጅ ባለሙያ የሆነው? ካሊፎርኒያ ውስጥ ክስ ተመሥርቶ በስምምነት ሲያልቅ ለሱቆች ከተፈቀደላቸው ነገር አንዱ አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ መሆኑን ሳነብ በእውነት ክብርዎን ተረዳሁ። ለእርስዎ ሲባል አዲስ ክራንክ አልበዛም፤ መነጽር በዛ እንጂ።

ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይሉኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 ትሬክ የተባለው ብስክሌት አምራች የፊት ጎማ መፍቻ ማንሻውን ሪኮል ሲያደርግ፣ አሜሪካ ውስጥ ወደ 900,000 ብስክሌት ነበር የሚነካው። ማንሻው ከመጠን በላይ ሲከፈት ከፍሬኑ ዲስክ ጋር ይጋጭ ነበር። ያኔ የተባለው «አምጡ፣ አዲስ በነጻ እንግጠምላችሁ» ነው። የ20 ዶላር ኩፖንም ተመርቆበታል። «መጀመሪያ ይጋጭና እንየው» ያለ የለም። ማንሻ ርካሽ ነው፣ እርስዎ ውድ ነዎት፤ ልዩነቱ ይገባኛል። በዝርዝሩ ላይ ከ270 እስከ 1,500 ዶላር ይባልልዎታል።

ተሰንጥቀው የተገኙት ዕድለኞችም ቢሆኑ ወዲያው አልተካሱም። ምትክ እስኪመጣ ወራት የጠበቀ አለ። ብስክሌቱ ክንዱን ተቆርጦ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ጸደይ አልፎ በጋ ገባ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሻንጣ ነው። የሪኮል ማስታወቂያ በአብዛኛው የሚደርሰው ከሱቅ አዲስ ለገዛው ሰው ነው። እርስዎ ደግሞ እጅ መቀያየር ይወዳሉ። ከዚህ ተፈተው ይሸጣሉ፣ ከዚያ ሁለተኛ ባለቤት ያገኛሉ፣ አንድ ቀን ደግሞ ከቡናና ከጫማ መሃል ተጠቅልለው አዲስ አበባ ይገባሉ። እዚያ የሚቀበልዎ ልጅ ዱራ ኤስ ማግኘቱን ለሰፈሩ ሁሉ ያወራል። ሪኮሉ እንደሆነ አብሮዎት አይሳፈርም።

ለዚያ ልጅ አንድ ነገር ሹክ ልበለው፤ እርስዎ አይስሙ። ፔዳሉ ከሚገባበት ጫፍ ጀርባ ሁለት የላቲን ፊደላት ተቀርጸዋል። የመጀመሪያው ዓመቱን፣ ሁለተኛው ወሩን ይናገራል። «ኬ ኤፍ» የጁን 2012 ነው፣ «አር ኤፍ» የጁን 2019። በሁለቱ መካከል ከሆነና ስሙ አልቴግራ 6800 ወይም 8000፣ ዱራ ኤስ 9000 ወይም 9100 ከሆነ፣ በደንብ ጠርገህ መጋጠሚያውን እየው። የፀጉር ያህል ክፍተት ካለ፣ ወይም ስትረግጠው ሲጥ ሲጥ ካለ፣ አትንዳው። ዱራ ኤስነቱ አያታልልህ።

ክቡር ሆይ፣ የቤተሰብዎን ታሪክ ማንሳት ነውር ነው፤ ግን እ.ኤ.አ. በ1997ም አያቶችዎ አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነው ሪኮል ተደርገው ነበር። እነሱም ክራንኮች ነበሩ። ዘር ነው ማለት ይከብደኛል፤ አለመሆኑን ማስረዳትም እንዲሁ።

እንግዲህ የምለምንዎ ጥቂት ነገር ነው። መለያየት ሲያምርዎ ቁልቁለት ላይ አይሁን። ግድግዳ ተደግፈው፣ ማንም ሳይኖርብዎ፣ በሥራ ሰዓት ይለያዩ። ስንጥቁንም ሰፋ አድርገው፣ ወደ መብራቱ ዞረው ያሳዩ። ሱቁ ለፎቶ ይፈልግዎታል።

ከማይናወጥ አክብሮት ጋር
ከኋላዎ የሚነዳው

ግልባጭ፦
ለወንድምዎ ለ105 (እንዳይስቅብዎ)
ለመካኒኩ፣ ከነመነጽሩ
ከፊቴ ለሚነዳው ወዳጄ፤ ትንሽ ራቅ ብዬ ብከተልህ ቅር እንዳይልህ