ሙት ወቃሽ ሆነናል

ወገኖቼ፣ «ሙት ወቃሽ አታድርገኝ» እያሉ የሚናገሩ አባቶችና እናቶች ያሳደጉን ሰዎች ነን። ስለ ሞተ ሰው ክፉ ነገር ለማንሳት የተገደደ ሁሉ አስቀድሞ ይህን ይላል፤ ሟች ተነስቶ «አይደለም፣ እንዲህ አልነበረም» ብሎ ሊመልስ አይችልምና። ይህን የምጽፍላችሁ ያንን ወግ በአደባባይ፣ በዳኛ ፊት፣ በመሐላ ስናፈርሰው ስላየሁ ነው። ያፈረስነውም እኛው ነን እንጂ ከሌላ አገር የመጣ ሰው አይደለም።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ መንገድ ከተማችንን ለሁለት ከፍሏት ያልፋል። በኅዳር ወር 2010 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ቀን፣ ከቀኑ 11 ሰዓት አለፍ ሲል፣ በዚህ መንገድ ዳር ካለች ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። የሟቹን ስም አልጠራም፤ ልጆቹ እዚሁ ይኖራሉ። የሰው ዕቃ በእጅ ጋሪ እየገፋ ሦስት ልጆች የሚያሳድግ፣ በመንገድ ሲያልፍ ሰላምታ ሳይሰጥ የማይሄድ ሰው ነበር። የዚያን ዕለት ሁለት ኩንታል ስንዴ ጭኖ ወደ ወፍጮ ቤት እየሄደ ነበር። ዜብራው ጋ ሲደርስ ቆመ። ቀለሙ ቢደበዝዝም ዜብራ መሆኑን የማያውቅ የከተማው ሰው የለም። አንድ ባጃጅ ቆመለት፤ ሾፌሩም በእጁ «እለፍ» አለው። ጋሪውን እየገፋ ከባጃጁ ፊት አለፍ እንዳለ፣ ከኋላ የመጣ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ለመቆም ሳይሞክር ባጃጁን በግራ ቀድሞ ወጣ። ሁሉንም አየሁ። ጋሪው ሲሰበር፣ ስንዴው ሲበተን፣ ሰውየው እዚያው መስመሮቹ ላይ ሲወድቅ አየሁ። ከዚያ በኋላ አልተነፈሰም።

ቀጥሎ ያደረግነውን ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ። አንዲት እናት ነጠላዋን አውልቃ አለበሰችው። ከላይም ከታችም መኪና ተሰልፎ ጡሩንባ ሲበዛ፣ «ሬሳ መሐል መንገድ አይተኛም፣ ነውር ነው» ተባለና አራት ሆነን ተሸክመን ከመንገዱ ዳር፣ ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር አስተኛነው። የተሰበረውን ጋሪ ጎትተን አጠገቡ አኖርነው። ደሙ እንዳይታይ ከመኪናው ላይ አሸዋ አውርደን በተንበት። ሴቶቹ ስንዴውን በእጃቸው እየዛቁ ወደ ጆንያው መለሱ፤ ወጣቶቹም ሁለቱን ኩንታል ለባለቤቱ አደረሱ። አንድ ፍሬ ስንዴ ለራሱ ያስቀረ ሰው አልነበረም። ለእህሉ እንዲያ ታማኝ ነበርን።

ትራፊክ ፖሊሱ ሲደርስ በሜትር ለካ፣ የአደጋውን ቦታ ፕላንም አነሳ። በዚያ ወረቀት ላይ ሟቹ ከዜብራው 23 ሜትር ርቆ የተኛ ሰው ነው። ጋሪው ባዶ ነው። ፖሊሱ ቀና ብሎ «ያየ ሰው አለ?» ሲል ከባጃጁ ሾፌር በቀር አንድ ሰው ድምፅ አላሰማም። ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ አልነበሩም?» አለኝ። «ድምፅ ሰምቼ ነው ዞር ያልኩት» አልኩት።

ዋሸሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህንን ውሸት ዝምታ ብዬ ስጠራው ኖሬያለሁ፤ ግን ዝምታ አልነበረም፣ በግልጽ የተነገረ ውሸት ነበር። የመኪናው ባለቤት የዕድሬ አባል ነው፤ በችግር ቀን ደጁን የረገጥኩበት ጊዜም አለ። በዚያ ላይ ቀጠሮውን ፈራሁ፤ ሥራ አስፈትቶ የሚያመላልሰውን፣ «ዳኞች አልተሟሉም» ተብሎ ለሌላ ወር የሚተላለፈውን ቀጠሮ። ከዚህ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በወንጀሉ ክስ ሾፌሩ በማስረጃ ማነስ በነፃ ተለቀቀ። የልጆቹ እናት ግን አልተቀመጠችም። የዳኝነት የምትከፍለው ስላልነበራት በደሃ ደንብ አስፈቅዳ የካሳ ክስ መሠረተች። ክሱን መጀመሪያ ያየው የስር ፍርድ ቤት በወንጀል በነፃ መለቀቅ የፍትሐ ብሔርን ዳኛ እንደማያስር በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 መሠረት ገልጾ ጉዳዩን መረመረ። የባጃጁን ሾፌር ቃል አመነ። ደመወዝ ያልነበረው ሰው ገቢ በትክክል ሊሰላ ስለማይችል በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ በመሰለው ልክ፣ ገምቶ፣ ለሚስትና ለልጆች ቀለብ እንዲሆን በጠቅላላው 186,000 ብር ፈረደ። ከዚህ ውስጥ የሞራል ካሳው 1,000 ብር ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2116 የሐዘንን ዋጋ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል፤ ያኔ ብዙ ነገር የሚገዛው 1,000 ብር ዛሬ ያንን ሁለት ኩንታል ስንዴ እንኳ አይገዛም። ስለ ኢንሹራንሱም አንድ ነገር ልበል፤ በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን አዋጅ ቁጥር 799 ለሞት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100,000 ብር የሚል ጣሪያ ይዞ ነበር የወጣው። አጥር ከሰው በልጦ የተጻፈበትን ያንን ዓረፍተ ነገር ባነበብኩት ቁጥር ያመኛል።

ይሁን እንጂ እኔን የሚያንገበግበኝ ሕጉ አይደለም። ሕጉ በዋናው ነገር ለሟች ያደላ ነበር። ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል፤ ጥፋት ባይኖርበትም። ቁጥር 2086 ደግሞ ማምለጫዎቹን አንድ በአንድ ይዘጋበታል፦ «አላጠፋሁም» ቢል፣ «ምክንያቱ አልታወቀም» ቢል፣ «ላስቀረው አልችልም ነበር» ቢል፣ «ሌላ ሰው ነው ያጠፋው» ቢልም አይሰማም። አንድ በር ብቻ ክፍት ተትቷል፤ እሱም ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በራሱ በተጎጂው ጥፋት የደረሰ እንደሆነ ነው። ቁጥር 2098ም ተጎጂው ጥፋት ካለበት ካሳው በዚያ ልክ እንዲቀነስ ያዛል። የሁለቱን ወገን ጥፋት በሚዛን ለማስቀመጥ የታሰበ መልካም ሕግ ነው። ሰክሮ መሐል መንገድ የተኛን፣ ድልድይ እያለለት አጥር ዘሎ የገባን ሰው ከጠንቃቃው ጋር እኩል ማድረግ አይገባም፤ ይህን አልክድም። ግን ያ አንድ በር ከውጭ የሚከፈተው በእኛ እጅ ነው። ባለመኪናው ሊያመልጥ የሚችለው በሟች ጥፋት ብቻ ከሆነ፣ ሟችን ጥፋተኛ የሚያደርግ ምስክር ይፈለጋል፤ ከእኛ መንደርም አልጠፋም።

ሦስት ሰዎች ቀረቡ። ሦስቱም በለቅሶው ድንኳን ተቀምጠው ንፍሮ የበሉ ናቸው። «ሮጦ ገባበት» ብለው ማሉ። ወገኖቼ፣ ሁለት ኩንታል የጫነ ጋሪ የሚገፋ ሰው እንዴት ይሮጣል? ግን ስንዴው በመዝገቡ ውስጥ የለም፤ በክብር ለባለቤቱ መልሰነዋላ። ዜብራውም በመዝገቡ ውስጥ የለም፤ በክብር ተሸክመን ከባሕር ዛፉ ሥር አስተኝተነዋላ። የስር ዳኛው ምስክሮቹ ሲቁነጠነጡ በዓይናቸው ስላዩ አላመኗቸውም ነበር። ባለመኪናው ግን በ60 ቀኑ ውስጥ ይግባኝ አለ፤ የፍርዱ አፈጻጸምም ታገደ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የምስክሮቹን ፊት አላየም፤ ያየው ወረቀት ነው። በወረቀት ላይ ደግሞ አንድ ምስክር ከሦስት ያንሳል፣ 23 ሜትርም 23 ሜትር ነው። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ከተመላለሰች በኋላ «ሟች ለእግረኛ ባልተፈቀደ ቦታ በመግባቱ የጥፋቱ ተካፋይ ነው፤ የስር ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ተሻሽሏል» ተብሎ ተነበበ። ካሳው በግማሽ ተቆርጦ 93,000 ብር ሆነ።

የዚያን ዕለት ችሎቱ ውስጥ ነበርኩ። ምን ልሠራ እንደሄድኩ አላውቅም። ጠበቃ ስላልነበራት ንባቡ ሲያልቅ ዳኞቹን «ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። ከመካከላቸው አንዱ፣ ክፉ ሰው አይመስለኝም፣ ቀስ ብሎ «ባለቤትሽም አጥፍቷል ማለት ነው» አላት። እሷም «እሱ? እሱ ምን አጠፋ?» አለች። መልስ የሚሰጣት አልነበረም። መልሱን የማውቀው ሰው ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን እያየሁ ነበር። ከብሩ ይልቅ ይህ ነው ይቅር ልለው ያልቻልኩት። ገንዘቡን እንቀማት ብለን ተነስተን፣ የሰውየውን ንጽሕና ከሚስቱና ከልጆቹ እጅ ቀማናቸው።

«ወደ ሰበር ትሂድ» ያላችኋት ሰዎች፣ ምክራችሁ ከቅን ልብ የመጣ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሰበር ሰሚ ችሎት የሚያርመው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ነው። ሮጧል ወይስ አልሮጠም፣ ዜብራ ላይ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው የፍሬ ነገር ጉዳይ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ከታች ከተበላሸ ከላይ ያሉት ዳኞች የተበላሸውን ይዘው ነው ሕጉን የሚተረጉሙት። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 6 ላይ የሐሰት ምስክርነት ሲገለጥ ፍርድ እንደገና የሚታይበት ጠባብ መንገድ ተቀምጧል። በዚያ ለመሄድ ግን «ዋሽቻለሁ» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ከእኛ መካከል ማን ብሎ ያውቃል?

«የሞተው ሞቷል፤ ያለው ለምን ቤቱ ይፍረስ?» እንላለን። ይህችን ቃል በየሽምግልናው፣ በየጠላ ቤቱ ሰምቻታለሁ፤ እኔም ብያታለሁ። ርኅራኄ ትመስላለች። እስኪ ጠይቋት፤ ያለው የተባለው ማን ነው? ሾፌሩ አለ፣ ባለመኪናው አለ፤ ሦስቱ ልጆችስ የሉም እንዴ? ትልቁ ልጅ ያን ጊዜ ሰባተኛ ክፍል ነበር። ይግባኙ ሳያልቅ ትምህርቱን አቋርጦ የአባቱን ጋሪ አስጠግኖ ገፋ። ያለው ይኑር ካልን እሱም አለ። ለእሱ ያልደረሰ ርኅራኄ ርኅራኄ አይደለም፤ ለሚጠቅመን ሰው የከፈልነው ውለታ ነው፣ የከፈልነውም በሌላ ሰው ገንዘብ ነው።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ የሟቹ ሚስት ቤት ሄድኩ። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። ቡናውን ቀድታ ሰጠችኝና «እኔማ አውቀዋለሁ። ለልጆቹ ይንገሯቸው» አለችኝ። ጠርታ አስቀመጠቻቸው። አባታቸው እንዳልሮጠ፣ ቆሞ ግራና ቀኙን እንዳየ፣ ባጃጁ «እለፍ» ብሎት እንደገባ ነገርኳቸው። ትልቁ ልጅ ከዓይኔ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል ሰማኝና «ጋሼ፣ ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልተናገሩም?» አለኝ። ለእናንተ ከላይ የጻፍኩትን የዕድርና የቀጠሮ ነገር ልነግረው አፌን ከፍቼ አቃተኝ። ለልጅ የሚነገር ምክንያት አልነበረም። የቁጥር 6ን መንገድ ልሞክር፣ ቃሌን እሰጣለሁ ስላትም «ልጆቹ ሰምተዋል፤ እኔ ደግሞ ፍርድ ቤት መቆም ሰልችቶኛል» አለችኝ። አላስገደድኳትም። እምቢታዋ እኔን ነፃ እንደማያወጣኝ ግን አውቃለሁ።

ከእናንተ የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። ቁስለኛን አንሱ፣ ወደ ሐኪም ቤት አድርሱ፤ ነፍስ ከሁሉ ይቀድማል። ነገር ግን ከማንሳታችሁ በፊት የወደቀበትን ቦታ በድንጋይም በከሰልም ምልክት አድርጉበት፤ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ፎቶ ያንሳ። የሞተውን ደግሞ ፖሊስ እስኪደርስ አታንሱት፤ ጡሩንባው ይጩኽ፣ መኪናው ይቁም። ሬሳውን ማልበስ ክብር ነው፤ ከወደቀበት ማንሳት ግን ለልጆቹ የሚናገርለትን የመጨረሻ ምስክር ማጥፋት ነው። ፖሊሱ «ያየ ሰው አለ?» ሲልም ያየ ሰው ይኑር። ሟቹ በእርግጥ አጥፍቶ ከሆነም ያንኑ ተናገሩ፤ የምፈልገው ለሟች እንድታደሉ አይደለም፤ ያያችሁትን እንድትናገሩ ብቻ ነው።

ትሰሙኛላችሁ ብዬ በሙሉ ልብ ለማመን ደክሞኛል። ሆኖም ባለፈው ጥር፣ ከዚያው ዜብራ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ሚኒባስ አንዲት ተማሪ ገጨ። ሰዎች ሊያነሷት ሲጎነበሱ ሁለት ወጣቶች «ቆይ፣ አንድ ጊዜ» ብለው ከራስጌዋና ከግርጌዋ ድንጋይ አኖሩ፤ ከዚያ አብረው ተሸክመው ባጃጅ ላይ ጫኗት። ልጅቷ እግሯ ተሰብሮ ተረፈች። ፖሊሱ መጥቶ ምስክር ሲጠይቅ መጀመሪያ ማንም አልተናገረም፤ ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ። ቀጥሎ ከወጣቶቹ አንዱ ስሙን ሰጠ፣ ጓደኛው ተከተለው፣ አንዲት በቆሎ ሻጭም «እኔም አይቻለሁ፣ ጻፈኝ» አለች። አራተኛው እኔ ነበርኩ፤ ስሜንና የስልክ ቁጥሬን ስናገር ድምፄ ተንቀጥቅጦ ፖሊሱ ሁለት ጊዜ ደግሞ ጠየቀኝ።