ማስተካከያ፦ በአሜሪካ የእርሻ አደጋ ክፍያ የተቀባዮች ስም በሕግ አልተደበቀም

«በአሜሪካ ድርቅና ጎርፍ ለጎዳቸው እርሻዎች መንግሥት የሚሰጠው ገንዘብ ለማን እንደደረሰ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ በሕግ ተደብቋል» የሚለው መረጃ መታረም አለበት።

የ2008ቱ የእርሻ ሕግ አንቀጽ 1619 በርግጥ የሚሸሽገው ነገር አለ። ገበሬው ስለ እርሻው ለግብርና መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ዝርዝርና የማሳው የካርታ መረጃ አይወጣም። ክፍያን ግን ለይቶ ትቶታል። የተቀባዩ ስም፣ አድራሻና የወሰደው ገንዘብ ሊገለጽ ይችላል። ኢንቫይሮመንታል ወርኪንግ ግሩፕ የተባለው ድርጅት ከመሥሪያ ቤቱ መረጃ እየጠየቀ ከ1995 ጀምሮ ያለውን ክፍያ በድረ ገጹ ላይ በስም አስፍሯል። ማንም ገብቶ መፈለግ ይችላል።

ድርቅ ግጦሻቸውን ለጎዳባቸው ከብት አርቢዎች የሚሰጠውን ክፍያ እንይ። አንድ ካውንቲ (ወረዳ መሰል አስተዳደር) ለክፍያው ብቁ መሆኑ የሚታወቀው በየሐሙሱ በሚወጣው የድርቅ ካርታ ነው። ካርታው ለሁሉም ክፍት ነው። ገንዘቡ የሄደበትን ቦታ ከድርቁ ጋር ማስተያየት ይቻላል ማለት ነው።

ግርታው የመጣው ከሰብል ኢንሹራንስ ይመስለኛል። እዚያ ምስጢሩ እውነት ነው። መንግሥት በአማካይ ከዓረቦኑ ከግማሽ በላይ ይሸፍናል፤ የገበሬው ስም ግን አይወጣም። ይሄ ያንገበግባል፤ የሕዝብ ገንዘብ ነውና። የአደጋ ክፍያንና ኢንሹራንስን ከቀላቀልን ግን የምንወቅሰው ጉዳዩ የማይመለከተውን ሕግ ነው።

ኮንግረስ በዲሴምበር 2024 ለ2023 እና ለ2024 አደጋዎች ወደ 21 ቢሊዮን ዶላር ፈቅዷል። ለሰብል ጉዳት የተሰጠው የመጀመሪያው ዙር ክፍያ የተሰላው በአብዛኛው በዚሁ የኢንሹራንስ መረጃ ነው። ክፍያው ራሱ ግን የአደጋ ድጋፍ ስለሆነ የተቀባዮቹን ስም ከመሥሪያ ቤቱ መጠየቅ ይቻላል።