እርማት፦ «ኒውስ» የአራቱ አቅጣጫዎች ምህጻረ ቃል አይደለም

ብዙዎቻችሁ «ኒውስ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ኖርዝ፣ ኢስት፣ ዌስት እና ሳውዝ ከሚሉት ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ተገጣጥሞ የተሠራ ነው፤ ወሬ ከአራቱም ማዕዘን ስለሚመጣ» ብላችኋል። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ግን እውነት አይደለም።

ቃሉ የመጣው «ኒው» ከሚለው፣ አዲስ ማለት ነው፣ ላይ የብዙ ቁጥር «ኤስ» ተጨምሮ ነው። «አዲስ ነገሮች» እንደማለት። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥ ይገኛል። ያኔ አጻጻፉ ገና አልረጋም ነበር፤ ብዙ ጊዜ ከ«ኤስ» በፊት ሌላ «ኢ» ይጨመርበታል። አምስት ፊደል ያለው ቃል እንዴት የአራት አቅጣጫ ምህጻር ይሆናል? ፈረንሳዮችም ዜናን «ኑቬል» ይሉታል፤ እሱም አዲስ ከሚለው ቃላቸው የወጣ ነው። እኛስ ስንገናኝ «ምን አዲስ ነገር አለ?» አይደል የምንባባለው?

ማጣራት ቀላል ነው። ኦክስፎርድን የመሰለ ጥሩ መዝገበ ቃላት ክፈቱና የቃሉን አመጣጥ የሚያስረዳውን ክፍል እዩ።

ይህን ያነሳሁት ለተማሪዎች ስል ነው። «ኤስ» የብዙ ቁጥር ምልክት እንደነበረች ያላወቀ ተማሪ፣ ድሮ ቃሉ በብዙ ቁጥር ግሥም ይነገር እንደነበር፣ ዛሬ ግን «ኒውስ ኢዝ» እንጂ «ኒውስ አር» እንደማይባል ማስተዋል ይከብደዋል። መምህራን፣ እባካችሁ ክፍል ውስጥ ከመናገራችሁ በፊት አንዴ መዝገበ ቃላቱን ተመልከቱ።