ስለ «ነጻ በረራ» ማስተካከያ

ስለ አብራሪነት ሙያ የወጣ አንድ ጽሑፍ የአሜሪካ ክልላዊ አየር መንገድ (በአነስተኛ አውሮፕላን አጫጭር በረራ የሚሠራ) አብራሪ «በፈለገው ጊዜ ወደፈለገበት በነጻ ይበራል» ይላል። ወደ ሙያው ለመግባት የሚያስቡ ወጣቶች እንዳይሳሳቱ ይህ መስተካከል አለበት። ነጻ የሚባለው ትኬት ስታንድባይ ነው፤ የከፈለው መንገደኛ ሁሉ ገብቶ ወንበር ከተረፈ ብቻ ይሳፈሩበታል።

ባዶ ወንበር መኖሩም ዋስትና አይሆንም። ብዙ ጊዜ 76 ወንበር ያለው ኢምብራየር 175 አውሮፕላን መድረሻው ላይ አየሩ ተበላሽቶ ለተለዋጭ ኤርፖርት ነዳጅ ሲጨመርለት ክብደቱ ከተፈቀደው ሊያልፍ ይችላል። ያኔ ወንበሮች ባዶ እንደሆኑ ይነሳል፣ ስታንድባዩ በር ላይ ይቀራል።

ለአብራሪው የሚተርፈው ኮክፒት (አብራሪዎቹ የሚቀመጡበት ክፍል) ውስጥ ያለችው አንዲት ተጣጣፊ ወንበር ናት። በር ላይ ያለው ሠራተኛ ማንነቱን በኮምፒውተር ያረጋግጣል፤ ከዚያ ካፒቴኑን በአክብሮት ማስፈቀድ ግድ ነው፣ እምቢ ካለ አለቀ። ሚስት፣ ባልና ልጆች አይቀመጡባትም። ስለዚህ ለገና ቤተሰብ ይዞ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ለመሄድ ያሰበ ሰው፣ እባካችሁ፣ እንደማንኛውም መንገደኛ ቀድሞ ትኬት ይግዛ።

ሌላው የተዘለለው ድካሙ ነው። የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን ተቆጣጣሪ የኤፍኤኤ ደንብ ከሥራ በፊት 10 ሰዓት ዕረፍት፣ በውስጡም ያልተቋረጠ 8 ሰዓት የመኝታ ዕድል ያዛል። ከሚኖሩበት ከተማ ወደ ሥራ መነሻው፣ ማለትም የአብራሪው በረራ ወደሚጀምርበት ከተማ፣ የሚደረገው ጉዞ ግን የሥራ ሰዓት አይባልም፣ አይከፈልበትምም፤ የሚበላው የራስን የዕረፍት ቀን ነው። ከቻላችሁ የሥራ መነሻችሁ በሆነው ከተማ ኑሩ። ካልሆነ፣ የመጀመሪያው በረራ ቢሞላ ሁለተኛው በሰዓቱ የሚያደርሳችሁ እንዲሆን አድርጋችሁ ተነሱ።