«ኒውሮሳይንስ ለእኛ ሕዝብ ምን ያደርግለታል?» ላሉት አማካሪ

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። አሜሪካ ያለን ሐበሾች ልጆቻችንን ኮሌጅ ምን እናስተምር በሚል የተሠራ የአማርኛ ፕሮግራም ነው። የትምህርት አማካሪ ነኝ የሚሉት እንግዳ ስለ ኒውሮሳይንስ፣ ማለትም ስለ አንጎልና ነርቭ ጥናት፣ ተጠየቁ። «እሱ የፈረንጅ ቅንጦት ነው፤ ለእኛ ሕዝብ ምን ያደርግለታል? ነርሲንግ አስገቧቸው» አሉ። አስተናጋጇ ሳቀች። ኮሜንቱ ውስጥ አንዲት እናት «እግዜር ይስጥልን፣ ልጄን ዛሬውኑ አስቀይራታለሁ» ብለው ጽፈዋል። ልጅቷን አላውቃትም። ግን ሌሊቱን ሙሉ ስለ እሷ ሳስብ አደርኩ።

እኔም የተማርኩት ኒውሮሳይንስ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ፣ አባቴ ታክሲ እየነዳ ባስተማረኝ ገንዘብ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ሰውየው «በዚህ ዲግሪ ሜዲካል ስኩል አይገባም» ብለዋል። ከየት አመጡት? የአሜሪካ ሜዲካል ስኩሎች ዲግሪህ በምንድን ነው ብለው በር አይዘጉም። የሚፈልጉት ኮርሶቹን ነው፤ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ። ኒውሮሳይንስ የሚማር ልጅ አብዛኞቹን እዚያው ዲግሪው ውስጥ ይወስዳቸዋል። መግቢያ ፈተናው ኤምካት እንኳ ከ2015 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ከአራት ክፍሎቹ አንዱ ስለ ሥነ ልቦናና ስለ ሰው ባህርይ ነው። በሰው ልጅ ዕድል ላይ ለመፍረድ ካሜራ ፊት የሚቀመጥ ሰው ቢያንስ ይሄን አጣርቶ ይመጣል።

ይሄስ ይለፍ። «ለእኛ ሕዝብ ምን ያደርግለታል» የሚለው ግን አያልፍም።

ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ላብ (ቤተ ሙከራ) ውስጥ አንዲት በረሮ በረዶ ውሃ ውስጥ ከተን አደነዘዝን። አንድ እግሯን ቆርጠን ሁለት ቀጫጭን መርፌ ሰካንበትና ከማጉያና ከስፒከር ጋር አገናኘነው። ከዚያ እግሩ ላይ ያለችውን ትንሽ እሾህ በስቴኪኒ ነካ አደረግኳት። ስፒከሩ ቆሎ ምጣድ ላይ እንደሚፈነዳ ጠ ጠ ጠ ጠ አለ። ነርቭ መልእክት ሲያስተላልፍ በጆሮዬ ሰማሁ። የሚጥል በሽታ ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። ሚሊዮን ሴል በየተራ መናገሩን ትቶ በአንድ ላይ ሲጮኽ ማለት ነው።

ወዲያው የአክስቴ ልጅ ትዝ አለችኝ። ደሴ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ጀበናው አጠገብ ወደቀች። ጎረቤት ሮጦ መጣና ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር ያዘ። እኛን ልጆቹን አረፋዋ እንዳይነካን ወደ ጓሮ አባረሩን። የክብሪቱ ጠባሳ እስከ ዛሬ ከከንፈሯ በላይ አለ። ማንም ክፉ አልነበረም፣ ሁሉም ይወዷት ነበር፣ ግን ምን እየሆነች እንደሆነ የሚያውቅ አንድም ሰው በዚያ ቤት አልነበረም።

እሷ ብቻ አይደለችም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ከ60 ሺህ በላይ ሰው አጥንተዋል። በ1990 የታተመው ውጤት ከሺህ ሰው 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ያሳያል። መድኃኒት የሚያገኘው ግን በጣም ጥቂቱ ነበር። ፌኖባርቢታል የሚባለው መድኃኒት ለዚህ በሽታ መዋል የጀመረው በ1912 ነው፣ ርካሽም ነው። አማካሪው ቅንጦት የሚሉት ይሄን ነው?

ጓያስ? ወሎና ጎንደር ያደገ ሰው ጓያ እግር ይሰብራል ሲባል ሰምቶ ነው ያደገው። ድርቅ ገብቶ ሌላው እህል ሲጠፋ ጓያ ይተርፋል፤ ሰውም ወራት ሙሉ እሱኑ ይበላል። ከዚያ ጎረምሳው አንድ ጠዋት ሊነሳ ሲል ጉልበቱ ይከዳዋል። በጣቶቹ እየረገጠ በዱላ ይሄዳል፤ የባሰበት ይድሃል። ብዙ ገበሬ እንፋሎቱ ነው፣ ገለባው ላይ መተኛት ነው ይላል። ነገሩ ግን እህሉ ውስጥ ያለ መርዝ ነው። መርዙ ኦዳፕ ይባላል፤ ሕንድ ውስጥ በ1964 ተለይቷል። የነርቭ ሴሎቻችን እርስ በርስ የሚነቃቁበትን ግሉታሜት የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚመስል ሴሉ እንደ ወዳጅ በሩን ይከፍትለታል። እግርን የሚያዙት ሴሎችም ከመጠን በላይ ሲነቃቁ ቆይተው ይሞታሉ። የሞተው አይመለስም። በ1990ዎቹ ወሎ ውስጥ ደላንታና ዳውንት ላይ ይሄ ነገር ወረርሽኝ ሆኖ ስንቱን ወጣት አስቀምጧል።

ግሉታሜትን ክፍል ውስጥ ስንማር ፕሮፌሰሯ በምሳሌነት ያነሳችው ስትሮክን ነበር። እጄን አውጥቼ ስለ ጓያ ነገርኳት። ሰምታ አታውቅም። ከክፍል በኋላ ጠብቃኝ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠየቀችኝ። ታዲያ እዚያ ክፍል ውስጥ የእኛ ልጅ ካልተቀመጠ የጓያን ነገር ማን ያንሳው?

ነርሲንግን አልናቅኩም። እህቴ ነርስ ናት፣ ቤታችንን ያቆመችው እሷ ናት። በኒውሮሳይንስ ባችለር ብቻ በሽተኛ ማከም እንደማይቻልም አውቃለሁ፤ ገና ብዙ መማር አለ፣ ብድሩም ይከብዳል። ግን ባዮሎጂም እንዲሁ ነው። ልጄ ባዮሎጂ ትማራለች ሲባል የሚስቅ አስተናጋጅ አላየሁም።

ልጄን አስቀይራታለሁ ያሉት እናት፣ ይሄን ካነበቡ አንድ ነገር ልለምንዎት። መጀመሪያ ልጅዎን ቡና ላይ ያስቀምጧትና ላብ ውስጥ ምን እንዳየች ትንገርዎት። አማካሪው ደግሞ ክፍል ሁለት ይዘው እንደሚመጡ ተናግረዋል። እሷን ይጋብዟትና ጥያቄያቸውን ፊት ለፊት ይጠይቋት።