ሰላምታ አሰለጠኑኝ

ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤቴ የሁለት ቀን ስልጠና ላከኝ። የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። አለቃዬ የዓመቱ ግምገማዬ ላይ «ሥራዋ ጥሩ ነው፤ ሶሻል ስኪሏን ግን ማሻሻል አለባት» ብላ ጽፋለች። ጥፋቴ ስብሰባ ላይ ዝም ማለቴ ነው። ስልጠናው ምን መሰላችሁ? የሰው ዓይን እያዩ ሰላም ማለት። ከዚያ ስለ አየሩ ሁለት ዐረፍተ ነገር ጣል ማድረግ። እኔን! ጅማ ሄርማታ ሰፈር ተወልጄ፣ እዚያው መርካቶ ለመድረስ ሃያ ደጃፍ ላይ እየቆምኩ የከብቱን ሳይቀር ደህንነት ጠይቄ ያደግሁትን፣ «ሃው አር ዩ» ማለት አስተማሩኝ። ያውም መልሱን ቆሞ ለማይሰማ ሰው።

ይሄን ቂም እንደያዝኩ ነው ዘንድሮ ጅማ የገባሁት።

የእህቴ ልጅ የጤና ተማሪ ናት፤ ሦስተኛ ዓመት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ይህን ስሙን ከማግኘቱ በፊት፣ ገና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እያለ ጀምሮ፣ ተማሪን ከክፍል አውጥቶ ሕዝቡ መሀል መላክ ልማዱ ነው። «ሲቢቲፒ» ይሉታል ተማሪዎቹ። ዘንድሮ የእሷን ግሩፕ የደረሰው እኛው ሰፈር ነበር።

ጎረቤታችን እማማ ቤት ቡና እየጠጣን መጠይቃቸውን ይዘው ገቡ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ። እማማ ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ። «ደግሞ መዝጋቢ መጣ» አሉ። ልጅቷ ወረቀቷን አላወጣችም። «አካም ጅርቱ» ብላ ጎንበስ አለች፣ በርጩማ ስባ ተቀመጠች፣ የጉልበታቸውን ሕመም ጠየቀች። አቦሉን ጠጣች። ቶናው ላይ ስለ ሽንት ቤት ጉዳይ እንደ ጨዋታ አመጣችው። እማማ ተነስተው ጓሮ ወስደው ራሳቸው አሳዩዋት። አብሯት የመጣው የጎጃም ልጅ ዝም ብሎ ይጽፋል። እኔ በሁለት ቀን ስልጠና እንደዚህ ያለ ነገር አላየሁም።

አራት ቀን ቆይቶ ያንኑ ውጤት ክፍል ውስጥ ማቅረብ ነበረባት። ያቺው ልጅ፣ ያው ሽንት ቤት። ማታ ራት እምቢ አለች። ሆዷን ይቆርጣታል። ሌሊት ስነቃ ሳሎን ተቀምጣ ስላይዱን በሹክሹክታ ታነባለች።

«አክስቴ፣ ስሜ ሲጠራ ድምፄ ይጠፋል።»

ዘጠነኛ ክፍል እያለች አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ስታ ክፍሉ ሳቀባት። ከዚያ ወዲህ እጇን አውጥታ አታውቅም። ግሩፕ አሳይመንት ሲመጣ ጽሑፉን በሙሉ እሷ ትሠራለች፣ የሚያቀርበው ሌላ ነው። በዚህ ዓይነት ሦስት ዓመት ተገፋ። የዚህ ሳምንቱን ግን የሚያቀርበው በዕጣ ሆነና ለእሷ ወጣ።

እህቴን ጠየቅኳት። «እሷ? ጨዋ ልጅ ናት፣ አትናገርም» አለች። በኩራት ነው ያለችው! እኛ ቤት ፍርሃት ሌላ ስም አለው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ዝም አይነቅዝም ስንል እናሳድጋቸዋለን። ከዚያ ካምፓስ እንልክና ማይክ እንሰጣቸዋለን።

አሜሪካም ቢሆን አይረባም። ማይክል ሊቦዊትዝ የሚባል የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ባለ 24 ጥያቄ የማኅበራዊ ፍርሃት መለኪያ አለ። የማታውቂውን ሰው ዓይን ማየት፣ ባለሥልጣን ማናገር፣ ሰው ፊት መብላት፣ ሰዎች ተቀምጠው ሳለ መግባት፣ አልስማማም ማለት፣ የገዙትን ዕቃ ለሱቁ መመለስ። እያንዳንዱን ምን ያህል እንደምትፈሪና ምን ያህል እንደምትሸሺ ከ0 እስከ 3 ትሰጪያለሽ፤ ድምሩ እስከ 144 ይሄዳል። እናቴ ነፍሷን ይማረውና ይሄን ብትሞላ በቀጥታ አልጋ ይይዙላት ነበር። እኔ የአባቴን ዓይን እያየሁ «አልስማማም» ብል የሚከተለውን አንባቢ ያውቀዋል። የገዛችሁትን ጫማ ደግሞ እስቲ መርካቶ ወስዳችሁ መልሱ።

አንድ ጥናት ግን ልቤን ነክቶታል። ራፒ እና ሊም የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት፣ ፍርሃቱ ያለባቸውንም የሌለባቸውንም ንግግር አስደርገዋቸው ነበር። ሁለቱም ወገኖች አድማጭ ከሰጣቸው ነጥብ ለራሳቸው ዝቅ አድርገው ሰጡ። ፈሪዎቹ ጋ ክፍተቱ በጣም ሰፋ። የእህቴን ልጅ ሳይ ገባኝ። ስትፈራ ጆሮዋ ወደ ውስጥ ይዞራል። የልቧን ምት ታዳምጣለች እንጂ ክፍሉን አታይም። ስላይዱ ላይ አፍጥጣ ቶሎ ቶሎ ታነባለች፤ መደበቂያዋ እሱ ነው። ከኋላ ለተቀመጠ ግን መናገር የማትችል ትመስላለች። እየሸሸች በሄደች ቁጥር ደግሞ ልምምዱ ይቀርባታል፤ ያኔ በእውነትም ትዳከማለች።

ሚኒያፖሊስ የማደንቀው አንድ ነገር አለ። ተማሪው «ሰው ፊት መናገር ያስጨንቀኛል» ለማለት አያፍርም፤ ካምፓሱ ውስጥ የሚያማክረው ባለሙያ አለ። በሌላ በኩል እዚያው አንድ ዶርም ውስጥ ትይዩ አልጋ ላይ ተኝተው ቴክስት ሲጻጻፉ አይቻለሁ። መብራቱን አጥፊው ለማለት! እነሱን ማንም ሁለት ቀን አላሰለጠናቸውም። እኔን ነው። እኔ እኮ ስብሰባ ላይ ዝም የምለው ሰው ማናገር ስለማልችል አይደለም። አፌን ስከፍት አክሰንቴን ሰምተው «ሶሪ?» የሚሉኝን ስለምጠብቅ ነው። ይሄን ለአለቃዬ ያልነገርኩት ደግሞ... እሱም ያው ነው።

ልጅቷ አቀረበች። ከሰዓት ከጓደኛዋ ጋር መጣች፣ ፊቷ ዳምኗል።

«እንዴት ነበር?»

«ተበላሸ፣ አክስቴ። ተንቀጠቀጥኩ።»

«ኧረ አትዋሺ» አለች ጓደኛዋ። «መጀመሪያ ላይ ትንሽ ፈጠነች። እማማ ጓሮ ወስደው እንዳሳዩን ስትናገር ሁሉም ሳቀ፤ ደስ ብሏቸው ነው የሳቁት። ቀርጬዋለሁ።»

ስልኩን ዘረጋችልን። እህቴ መነጽሯን ፍለጋ ተነሳች። ልጅቷ ስልኩን ቀማችና ረከቦቱ ላይ፣ ስኒዎቹ መሀል፣ በፊቱ ደፋችው። እስክሳፈር ድረስ አላየችውም።