የአላስካ አውራ ጎዳና ፒስታ አይደለም

ወንድሜ፣ «በአርቪ (መኖሪያ ቤት በተገጠመለት መኪና) አላስካ ለመሄድ የምታስቡ ተዉት፤ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፒስታ ነው፣ ፎር ዊል ድራይቭ ከሌላችሁ አይሞከርም» ብለሃል። ድሮ እውነት ነበር። አሁን ግን አይደለም።

የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1942 መንገዱን ሲከፍት ጭቃ በጭቃ ነበር። ዛሬ ከካናዳዋ ዶውሰን ክሪክ እስከ አላስካዋ ዴልታ ጃንክሽን ያለው 2,200 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው። ተራ አርቪ ይበቃል።

አስፋልት ነው ማለት ግን ለጥ ያለ ነው ማለት አይደለም። በተለይ በካናዳዋ ዩኮን ግዛት፣ ከዲስትራክሽን ቤይ እስከ አላስካ ድንበር ድረስ ተጠንቀቁ። እዚያ ከሥር ያለው መሬት ዓመቱን ሙሉ በረዶ ነው። በረዶው ሲቀልጥ መንገዱ ይሰምጣል፣ ውሃው ተመልሶ በረዶ ሲሆን ያብጣል። አስፋልቱ እንደ ማዕበል ይሆናል። በፍጥነት ከገባችሁበት ቁምሳጥኑ ተከፍቶ ሳህኑ ሁሉ ወለል ላይ ነው። ቀስ በሉ፣ መሳቢያዎቹን ቆልፉ። ጥገናውም የሚካሄደው በሞቃቱ ወራት ስለሆነ፣ አልፎ አልፎ ጠጠር ያጋጥማችኋል። ምናልባት ወሬው የተረፈው ከዚህ ይሆናል።

ጠጠር የምትፈሩ ከሆነ የሚፈሩት ሌሎች መንገዶች ናቸው፦ በካናዳ ወደ ኢኑቪክ ከተማ የሚወስደው ዴምፕስተርና በአላስካ ከፌርባንክስ ከተማ በስተሰሜን ያለው ዳልተን። ብዙ አርቪ አከራዮች እነዚህን በውላቸው ይከለክላሉ። ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት። ስኮርታ ጎማ መኖሩንም እዩ፤ ጎሚስታ እንደ ልብ አይገኝም።